ስሙን የጠየቀው የለም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ባለፈው እሁድ መጻጕዕ ነበር፣ የዐቢይ ጾም አራተኛው ሰንበት። ሰባኪያችን በሽተኛው ለጌታ የመለሳት «ሰው የለኝም» የምትለዋ ቃል ላይ ሲደርስ ድምፁ ተቆረጠ። ጥቂት ዝም አለ። ከሴቶች መቆሚያ በኩል የእንባ ድምፅ ተሰማ። እኔም አልቅሻለሁ፣ ለምን እዋሻለሁ። ከዚያ ትምህርቱ አለቀ፣ ተባረክን፣ ሁላችንም ጫማችንን ይዘን ወደየቤታችን ልንበተን ወጣን። ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ ደጅ ላይ የገጠመኝ ነው። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

እኛ ቀን የምንቆጥረው በቅዱሳን ነው። «ዛሬ ስንት ነው?» ሲሉን «12» ከማለት «ሚካኤል ነው» ማለት ይቀናል። 21 ማርያም፣ 27 መድኃኔዓለም፣ 29 በዓለ ወልድ። ዓመቱም እንዲሁ ይዞራል። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 የጽጌ ጾም ነው። ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ይገባል። ከዚያ ልደት፣ ጥምቀት፣ ነነዌ፣ ዐቢይ ጾም፣ ትንሣኤ። ይህን ሁሉ በቃላችን እናውቀዋለን። መቼ እንደሚገባ፣ መቼ እንደሚፈታ ለማወቅ ማንም አይቀድመንም። ሰንበቱ ምን ይዞልን እንደመጣ ግን ስንቶቻችን እንጠይቃለን?

የዐቢይ ጾም ሰንበታትን ስም በቅዱስ ያሬድ ጾመ ድጓ፣ በጾሙ የዜማ መጽሐፍ፣ እናውቃቸዋለን። ዘወረደ፣ ቅድስት፣ ምኩራብ፣ መጻጕዕ፣ ደብረ ዘይት፣ ገብር ኄር፣ ኒቆዲሞስ፣ ሆሳዕና። እስቲ አንድ ነገር ልብ በሉ። ኒቆዲሞስ ስም አለው። መምህር ነው፣ የአይሁድ አለቃ ነው፣ ሰው ያውቀዋል። መጻጕዕ ግን ስም አይደለም። ድውይ፣ በሽተኛ ማለት ነው። የሰውየውን ስም ወንጌሉ አልጻፈውም። ቤተ ክርስቲያን ከስምንቱ ሰንበት አንዱን የሰጠችው ስሙ ለማይታወቅ በሽተኛ ነው። እኔ በዚህ ሁልጊዜ እገረማለሁ።

ይህ ሰው 38 ዓመት ታምሞ ኖረ። 38 ዓመት! ስንቶቻችን ገና ያልኖርነው ዕድሜ ነው። ቤተ ሳይዳ የምትባለው መጠመቂያ አምስት መመላለሻ ነበራት፣ በየመመላለሻው ዕውሩ፣ አንካሳው፣ ሰውነቱ የሰለለው ተኝቷል። ውኃው ሲናወጥ ቀድሞ የገባ ይድናል። ጌታ መጥቶ «ልትድን ትወዳለህን?» አለው። በልጅነቴ የዚህ ሰው መልስ አይጥመኝም ነበር። «አዎን» ብሎ አይገላገልም? እሱ ግን ሌላ ነገር ተናገረ፦ «ጌታ ሆይ፥ ውኃው በተናወጠ ጊዜ በመጠመቂያይቱ ውስጥ የሚያኖረኝ ሰው የለኝም ነገር ግን እኔ ስመጣ ሳለሁ ሌላው ቀድሞኝ ይወርዳል።» ዛሬ ሳነበው ግን ከእግሩ ይልቅ ያመመው ሌላ ነገር እንደነበር ይገባኛል።

ደግሞ እነዚያ የዳኑት የት ሄዱ? ትናንት አጠገቡ ተኝቶ የነበረ፣ ሲያቃስት የሰማው፣ ዛሬ በእግሩ የቆመ ሰው ነበር እኮ። አንዱ እንኳ ዞር ብሎ «በሚቀጥለው እኔ አወርድሃለሁ» ቢለው ኖሮ «ሰው የለኝም» አይልም ነበር። ሁሉም ድኖ ወደ ቤቱ ሄደ። ወገኖቼ፣ እኛም እንደዚያው ነን። ስለታችን ሲደርስ እልል እንላለን። ከዚያ በኋላ ደጀ ሰላሙ ላይ የተቀመጠውን ሰው በነጠላችን ጫፍ እየነካን እናልፋለን። ሊቃውንቱ ደግሞ የባሰ ነገር ይነግሩናል። ጌታን በሊቀ ካህናቱ ፊት በጥፊ የመታው ይኸው የዳነው ሰው ነው ይላሉ። በአራተኛው ሰንበት ያለቀስንለትን ሰው በሰሙነ ሕማማት እንደገና እናገኘዋለን ማለት ነው።

የዕለቱን ምስባክ፣ ከወንጌል በፊት የሚዜመውን የዳዊት መዝሙር፣ ታስታውሳላችሁ? ዲያቆኑ ሲያዜመው በግዕዝ ስለሆነ ብዙዎቻችን ዜማውን ብቻ ሰምተን እናልፋለን። «እግዚአብሔር ይረድኦ ውስተ ዐራተ ሕማሙ፤ ወይመይጥ ሎቱ ኵሎ ምስካቦ እምደዌሁ።» በግዕዙ ዳዊት 40ኛው፣ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ 41ኛው መዝሙር ነው። አማርኛው «መኝታውን ሁሉ በበሽታው ጊዜ ያነጥፍለታል» ይለዋል። ታማሚ አስታማችሁ ታውቃላችሁ? አንሶላው ከስሩ ሲጨማደድ ይቆረቁረዋል። ቀስ ብለህ ወደ ጎን ታዞረዋለህ፣ አንሶላውን ስበህ ታቃናለህ፣ ትራሱን ገልብጠህ ቀዝቃዛውን ጎን ከራሱ በታች ታደርግለታለህ። ሌሊት ሦስት ጊዜ፣ አራት ጊዜ። ዳዊት እግዚአብሔርን እንዲህ አድርጎ አየው። የሰማይና የምድር ጌታ የበሽተኛ አስታማሚ ሆነ! እናንተ አሁን አልጋ ላይ ሆናችሁ ይህን የምታነቡ፣ ቅዳሴ መሄድ ያቃታችሁ፣ በዓሉ ሲያልፍ ደወሉን ከሩቅ ብቻ የምትሰሙ፣ ይህች ቃል የእናንተ ናት። ሰው ባይመጣ እሱ አጠገባችሁ ነው። መጻጕዕም ወደ ጌታ አልሄደም፣ ጌታ ነው ያለበት ድረስ የመጣው።

ለቆምነው ደግሞ የዚያው መዝሙር መጀመሪያ አለ፦ «ለችግረኛና ለምስኪን የሚያስብ ምስጉን ነው።» ሰንበቴው፣ የጽዋ ማኅበሩ፣ የንስሐ አባቱ፣ ይህ ሁሉ የአጥቢያ ሥርዓት ማንም «ሰው የለኝም» እንዳይል አይደለም እንዴ? አሁን አሁን ሰንበቴውም የራሱን አባላት ብቻ ያውቃል። ቤቱ ሞቅ ያለ ነው፣ በሩ ግን ለአዲስ ሰው አይከፈትም።

ወደ ደጁ ልመለስ። ጫማዬን ሳጠልቅ አንድ ወጣት አጠገቤ ቆሞ ነበር። ጫማውን በፌስታል ይዟል። ሁልጊዜ ከምሰሶው ጎን ነው የሚቆመው። እውነቱን ልናገርና አንዴ ከፊቴ ስለቆመ በልቤ አጉረምርሜበታለሁ። ዓይኑ ቀልቷል። «ትምህርቱ ነክቶህ ነው?» አልኩት፣ ለወሬ ያህል።

«እዚህ መምጣት ከጀመርኩ ዓመት ሊሞላኝ ነው» አለኝ። «ከጽጌ በፊት ነው የመጣሁት። ልደትንም ጥምቀትንም እዚሁ ነው ያከበርኩት። እስካሁን ስሜን የጠየቀኝ ሰው የለም።»

አይቆጣም ነበር። እንዲያውም ፈገግ እንደማለት አለ፣ እሱ ነው የባሰብኝ። እኔ በዚያ ደብር ለዓመታት በሰንበት ትምህርት ቤት አስተምሬያለሁ። ባለፈው ዓመትም በዚሁ ሰንበት ስለ መጻጕዕ ቆሜ አስተምሬ ነበር።

የክርስትና ስሙን ጠየቅሁት። ነገረኝ። የእኔንም ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። ከዚያ የምንለው ጠፋንና ሁለታችንም ዝም አልን። በግቢው በር ስንወጣ ፌስታሉን ወደ ሌላኛው እጁ አዞረና «ሚቀጥለው ደብረ ዘይት ነው አይደል?» አለኝ።

«ደብረ ዘይት ነው» አልኩት። «ከምሰሶው ጎን ቦታ ያዝልኝ።»