«ቴብሉ የለም» ከማለታችሁ በፊት

የዳታቤዝ ቴብሎችንና ኮለሞችን (ሰንጠረዦቹንና ዓምዶቻቸውን) መዘርዘር ቀላል ነው ስለሚባል ረጋ ብሎ የሚማረው ሰው ጥቂት ነው። አንድ መስመር ኩዌሪ (ለዳታቤዙ የሚላክ ጥያቄ) ከሆነ ቦታ ይቀዳል፣ ይለጠፋል፣ የመጣው መልስ እንዳለ ይታመናል። ከዚያ «ቴብሉ ጠፋ»፣ «ማይግሬሽኑ (የዳታቤዙን ቅርጽ የሚለውጠው ስክሪፕት) አልሠራም»፣ «አንድ ሰው አጥፍቶታል» ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን የጠፋ ነገር የለም፤ የተሳሳተው አጠያየቁ ነው። ከዚህ በታች በጥቅስ ምልክት ያስቀመጥኳቸው ርዕሶች በብዛት የሚሰሙ ስህተቶች ናቸው።

«ሾው ቴብልስ የትም ይሠራል»

አይሠራም። ሾው ቴብልስ ቴብሎችን የሚዘረዝር፣ የማይኤስኪውኤልና የማሪያዲቢ ዳታቤዞች ትእዛዝ ነው። የሌላው ዳታቤዝ፣ የፖስትግሬስ፣ ሰዎች የሚወዱት ባክስላሽ ዲቲ ደግሞ ጭራሽ ኤስኪውኤል (የዳታቤዝ መጠየቂያ ቋንቋ) አይደለም፤ ፒኤስኪውኤል የሚባለው ፕሮግራም ራሱ የሚተረጉመው አቋራጭ ነው። ከፓይተን ወይም ከጃቫ ኮድ ብትልኩት ሲንታክስ ኤረር ይመለስላችኋል። ከአቋራጩ ጀርባ ያለውን ኩዌሪ ለማየት ፒኤስኪውኤልን ስታስነሱ ሰረዝና ካፒታል ኢ ጨምሩበት፤ አቋራጮቹ የሚልኩትን ኩዌሪ ያትምላችኋል። የፖስትግሬስን ካታሎግ (ስለ ቴብሎቹ መረጃ የያዙትን የውስጥ ቴብሎች) መማር የሚፈልግ ሁሉ ከዚህ ቢጀምር እመክራለሁ።

«ኢንፎርሜሽን ስኪማ ስታንዳርድ ስለሆነ ሁሉም አለው»

ኢንፎርሜሽን ስኪማ (ስለ ቴብሎችና ኮለሞች መረጃ የሚሰጡ ዝግጁ ዝርዝሮች ስብስብ) በ1992ቱ የኤስኪውኤል ስታንዳርድ ውስጥ መግባቱ እውነት ነው፤ ኦራክልና ኤስኪውኤላይት ግን የላቸውም። በኦራክል ዩዘር_ቴብልስ የራሳችሁን፣ ኦል_ቴብልስ የምትደርሱበትን፣ ዲቢኤ_ቴብልስ ሁሉንም ያሳያል፤ የመጨረሻው ከፍ ያለ ፈቃድ ይጠይቃል። ለኮለሞች ኦል_ታብ_ኮለምስ አለ። በኤስኪውኤላይት ቴብሎቹን ከኤስኪውኤላይት_ማስተር፣ ኮለሞቹን በፕራግማ ቴብል_ኢንፎ ታገኛላችሁ። ቴብል_ኢንፎ ጀነሬትድ ኮለሞችን (ዋጋቸው ከሌሎች ኮለሞች የሚሰላውን) እንደሚዘል አትርሱ፤ እነሱን የሚያሳየው ቴብል_ኤክስኢንፎ ነው።

«ዝርዝሩ ላይ ከሌለ፣ የለም»

ሰዓታት የሚበላው ይህኛው ነው። ዝርዝሩ ለጠያቂው የተሰጠ መልስ ነው፤ ጠያቂው፣ የጠየቀበት ቦታና የጠየቀው የዕቃ ዓይነት ሲለወጥ መልሱም ይለወጣል።

መጀመሪያ ፈቃድ። ኢንፎርሜሽን_ስኪማ.ቴብልስ የሚያወጣው ሎግ ኢን ያደረገው ዩዘር ባለቤት የሆነባቸውን ወይም አንዳች ፈቃድ ያገኘባቸውን ቴብሎች ብቻ ነው። ባለቤቱ ሲያስኬደው አርባ ረድፍ የሚያመጣ ኩዌሪ፣ ለሪፖርት ብቻ በተከፈተ ዩዘር ሲሄድ ሦስት ሊያመጣ ይችላል። ኤረር የለም፣ ማስጠንቀቂያም የለም፤ የቀረው ዝም ብሎ ይቀራል። ሰው የሚሳሳተውም ለዚህ ነው፦ ባዶ ውጤት «የለም» ይመስላል። በፖስትግሬስ ፒጂ_ክላስን (የቴብሎቹን ስም የያዘውን የካታሎግ ቴብል) ማንኛውም ዩዘር ማንበብ ስለሚችል ማመሳከሪያ አላችሁ። በኤስኪውኤል ሰርቨር ግን ሲስ.ቴብልስም ራሱ በፈቃድ የተጣራ ነው፤ ቪው ዴፊኒሽን የሚባለውን ፈቃድ ካልጠየቃችሁ ካታሎግ መቀያየሩ አይፈይድም።

ቀጥሎ ቦታ። በማይኤስኪውኤል ዳታቤዝና ስኪማ (ቴብሎች የሚመደቡበት ክፍል) አንድ ናቸው፤ ስለዚህ ኢንፎርሜሽን ስኪማ የሰርቨሩን ዳታቤዞች በሙሉ ደባልቆ ያመጣል፣ ቴብል_ስኪማን ከዳታቤዝ() ጋር እኩል አድርጋችሁ ካላጣራችሁ የሌላ ፕሮጀክት ቴብል የእናንተ መስሎ ይታያችኋል። ፖስትግሬስና ኤስኪውኤል ሰርቨር የተገናኛችሁበትን ዳታቤዝ ብቻ ነው የሚያሳዩት። ባክስላሽ ዲቲ ደግሞ ከዚያም ይጠባል፦ ሰርች_ፓዝ (ስኪማ ሳይጠቀስ ስም የሚፈለግበት መንገድ) ውስጥ ያሉትን ስኪማዎች ብቻ ያያል። ሁሉንም ከፈለጋችሁ ከኋላው ኮከብ ነጥብ ኮከብ ጨምሩበት።

ከዚያ ዓይነት። በፖስትግሬስ ማቴሪያላይዝድ ቪው (ውጤቱ የተቀመጠ ኩዌሪ) ኢንፎርሜሽን ስኪማ ውስጥ ፈጽሞ አይገባም፤ ስታንዳርዱ አያውቀውማ። ተራ ቪው (ስም የተሰጠው ኩዌሪ) ግን ከቴብሎቹ ጋር ተደባልቆ ይመጣል፤ ቴብል_ታይፕን «ቤዝ ቴብል» ብላችሁ ካላጣራችሁ ቪው እንደ ቴብል ትቆጥራላችሁ።

በመጨረሻ የፊደል መጠን። ያለ ጥቅስ ምልክት የተጻፈን ስም ኦራክል ወደ ትልልቅ፣ ፖስትግሬስ ወደ ትንንሽ የላቲን ፊደል ይለውጠዋል። ስለዚህ ኦራክል ላይ የቴብሉን ስም በትንሽ ፊደል ጽፋችሁ ኦል_ቴብልስን ብታጣሩ ዜሮ ረድፍ ታገኛላችሁ፣ ቴብሉ እዚያው ተቀምጦ።

ፖስትግሬስ ላይ ማጣሪያው ሁለት ኩዌሪ ነው። መጀመሪያ ማን እንደሆናችሁና የት እንዳላችሁ ጠይቁ፦

ሰሌክት ከረንት_ዩዘር፣ ከረንት_ዳታቤዝ()፣ ከረንት_ስኪማስ(ትሩ)

ከዚያ ስሙን በማንኛውም ስኪማና በማንኛውም የፊደል መጠን ፈልጉት፦

ሰሌክት ሬልኔምስፔስ::ሬግኔምስፔስ፣ ሬልኔም፣ ሬልካይንድ ፍሮም ፒጂ_ክላስ ዌር ሬልኔም አይላይክ '%ኢንቮይስ%'

ሬልካይንድ ላይ «አር» ተራ ቴብል፣ «ፒ» ፓርቲሽን የተደረገ፣ «ቪ» ቪው፣ «ኤም» ማቴሪያላይዝድ ቪው፣ «ኤፍ» ፎሪን ቴብል ነው። ይህ ኩዌሪ ባዶ ከተመለሰና ዳታቤዙ ትክክለኛው ከሆነ፣ ያኔ በድፍረት «የለም» በሉ። ከቴብሉ ሰሌክት ስታደርጉ «ፐርሚሽን ዲናይድ ፎር ቴብል» ከመጣ ደግሞ ቴብሉ አለ፤ የጎደለው ፈቃድ ነው።

«ኮለሞቹ በቅደም ተከተላቸው ይመጣሉ»

ኦርደር ባይ ኦርዲናል_ፖዚሽን (በኮለሙ ተራ ቁጥር ደርድር) ካላላችሁ ዋስትና የለም። ቁጥሩ መሃል ላይ ቢዘልም አትደንግጡ፤ ፖስትግሬስ የተሰረዘን ኮለም ቁጥር ለሌላ አይሰጥም። የኮለሞቹን ዝርዝር የያዘውን ፒጂ_አትሪቢዩትን በቀጥታ የምታነቡ ከሆነ አትነም ከዜሮ የሚበልጠውን፣ አትኢዝድሮፕድ ያልሆነውን ብቻ ውሰዱ። አለዚያ እንደ ኤክስሚን ያሉ የሲስተም ኮለሞችና የተሰረዙት ሁሉ ይግተለተላሉ።

«ቴብል_ሮውስ የረድፍ ብዛት ነው»

ኢንፎርሜሽን_ስኪማ.ቴብልስ ላይ ያለው ይህ ቁጥር በኢኖዲቢ (የማይኤስኪውኤል ማከማቻ ሞተር) ግምት ነው፤ የማይኤስኪውኤል ሰነድ ራሱ ከእውነተኛው ቁጥር ከ40 እስከ 50 በመቶ ሊራራቅ እንደሚችል ይናገራል። ትክክለኛውን ስትፈልጉ ካውንት ተጠቀሙ።

«ቴብልስንና ኮለምስን በቴብል ስም ጆይን ማድረግ ይበቃል»

ሁለቱን የኢንፎርሜሽን ስኪማ ዝርዝሮች በስም ብቻ ጆይን ስታደርጉ (ስታጣምሩ)፣ ሁለት ስኪማ ውስጥ ተመሳሳይ ስም ያለው ቴብል ሲኖር እያንዳንዱ ኮለም ይደጋገማል፤ የአንዱ ኮለም ለሌላው ይለጠፋል። ጆይኑ ላይ ቴብል_ስኪማ ይግባ። ስም በከፊል ስትፈልጉ ላይክ ውስጥ ያለ የታች ሰረዝ ማንኛውንም አንድ ፊደል እንደሚተካም አስቡ።

«ማክስ_ሌንግዝ 100 ስለሚል መቶ ፊደል ይይዛል»

በኤስኪውኤል ሰርቨር ሲስ.ኮለምስ ላይ ያ ቁጥር የባይት እንጂ የፊደል ብዛት አይደለም። ኤንቫርቻር (ለፊደል ሁለት ባይት የሚይዝ የጽሑፍ ዓይነት) 50 ሆኖ የተፈጠረ ኮለም 100 ይላል፤ ማክስ የተባለው ደግሞ ኔጌቲቭ 1። ሌላ ዳታቤዝ ላይ ቴብሉን ከዚህ ዝርዝር ተነስታችሁ የምትፈጥሩ ከሆነ ከኔጌቲቭ 1 በስተቀር የኤንቫርቻርንና የኤንቻርን ለሁለት አካፍሉ፣ የቫርቻርን እንዳለ ተዉት።