ሦስቱን ሥልጣን በአንድ እጅ

የተወደዳችሁ ወገኖች፣ ለአሜሪካ ዜግነት ፈተና ያጠናችሁ ሁሉ ይህን ጥያቄ ታውቁታላችሁ፦ አንዱ የመንግሥት አካል ከልክ በላይ ኃያል እንዳይሆን የሚከለክለው ምንድን ነው? ሕግ አውጪው፣ ሕግ አስፈጻሚውና ፍርድ ቤቱ እርስ በርስ እንደሚቆጣጠሩ ሸምድደን እንመልሳለን። ለምን እንዲህ ተደርጎ እንደ ተሠራ ግን ብዙም አንጠይቅም። ዛሬ ይህን ከቃሉ ጋር እንድናየው እወዳለሁ።

በመካከላችን አዘውትሮ የሚጠቀሰው ኢሳይያስ 33፥22 ነው፦ «እግዚአብሔር ፈራጃችን ነው፥ እግዚአብሔር ሕግን ሰጪያችን ነው፥ እግዚአብሔር ንጉሣችን ነው፤ እርሱ ያድነናል።» ሦስቱ የመንግሥት አካላት ከዚህ ጥቅስ ተቀዱ ይባላል። በ1787 (ዘመኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የአሜሪካን ሕገ መንግሥት ለማርቀቅ በፊላደልፊያ የተሰበሰቡት ሰዎች ግን ስለ ሥልጣን ክፍፍል ሲከራከሩ የሚጠቅሱት ፈረንሳዊውን ፈላስፋ ሞንቴስኪዩን ነበር። እውነቱን ከያዝን ቃሉን አናሳንስም። ደግሞም ጥቅሱን ረጋ ብላችሁ አንብቡት፤ ነቢዩ ሦስቱን አልለያያቸውም፣ በአንድ እጅ ሰበሰባቸው እንጂ። ፈራጅም፣ ሕግ ሰጪም፣ ንጉሥም ሆኖ የማይበድል እግዚአብሔር ብቻ ነውና። ይህ ሁሉ በአንድ ሰው እጅ ሲገባ ምን እንደሚሆን ኤርምያስ ነግሮናል፦ «የሰው ልብ ከሁሉ ይልቅ ተንኰለኛ እጅግም ክፉ ነው።»

ለዚህ ነው እግዚአብሔር ለእስራኤል ንጉሥ ሲፈቅድ እንኳ ገደብ ያበጀለት። ፈረስ አያብዛ፣ ሚስት አያብዛ፣ ብርና ወርቅ አያብዛ። በዙፋኑ በተቀመጠ ጊዜ ሕጉን ለራሱ ይጻፍ፣ ዕድሜውን ሙሉ ያንብበው፣ ልቡም በወንድሞቹ ላይ እንዳይኮራ ይጠንቀቅ (ዘዳ. 17፥16-20)። ንጉሡ ከሕግ በታች ነው። የእንግሊዝ ባላባቶች በ1215 ንጉሥ ዮሐንስን የንጉሥን ሥልጣን የሚገድበውን ማግና ካርታ የተባለውን ሰነድ በማኅተሙ ሲያስጸድቁት፣ የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ እስጢፋኖስ ላንግተን በመካከል ሆኖ አደራድሯል። ሜይፍላወር በተባለችው መርከብ ከመጡት መካከል 41 ወንዶች በ1620 ከመርከብ ሳይወርዱ በእግዚአብሔር ፊት ቃል ኪዳን ገብተው፣ ራሳቸው በሚያወጡት ሕግ ሊተዳደሩ ፈረሙ። ፓስተር ቶማስ ሁከር ደግሞ በ1638 ከዘዳግም 1፥13 ሰብኮ የሥልጣን መሠረት የሕዝቡ ነፃ ፈቃድ ነው አለ፤ በማግሥቱ ዓመት የኮኔቲከት ሰዎች መተዳደሪያቸውን በጽሑፍ አወጡ።

ይህ ትምህርት ወደ ሕገ መንግሥቱ ከደረሰባቸው መንገዶች አንዱ ከዋና አርቃቂዎቹ አንዱ የሆነው ጄምስ ማዲሰን ነው። በፕሪንስተን ያስተማረው ከስኮትላንድ የመጣው ፓስተር ጆን ዊዘርስፑን ሲሆን፣ ማዲሰን በ1771 ከተመረቀ በኋላ እዚያው ቆይቶ ከእርሱ ዕብራይስጥ ተማረ። ዊዘርስፑን የሰው ልጅ ውድቀት ሳይሸፋፈን የሚሰበክበት ወግ ሰው ነበር። ማዲሰንም በ1788 ለአዲሱ ሕገ መንግሥት ሲከራከር፣ ሰዎች መላእክት ቢሆኑ ኖሮ መንግሥት ባላስፈለገ ነበር ብሎ ጻፈ፤ መላእክት ሰውን ቢገዙ ኖሮ ደግሞ መንግሥትን መቆጣጠር ባላስፈለገ።

ይህን የጻፈው ሰው ባሮች ነበሩት። ሕገ መንግሥቱም ለውክልና ሲባል አምስት ባሪያ እንደ ሦስት ሰው እንዲቆጠር ደነገገ፤ የባሪያ ንግድን ምክር ቤቱ እስከ 1808 ድረስ እንዳይከለክል አሰረው። ይህን ሰነድ ከቅዱሳት መጻሕፍት ጎን ለሚያስቀምጡ ወንድሞችና እኅቶች በፍቅር የምለው አለኝ፤ ኤርምያስ የተናገረው ስለ አርቃቂዎቹም ልብ ነው።

ልቤን ይበልጥ የሚነካው ግን በቨርጂኒያ እስር ቤቶች የሆነው ነው። በዚያ የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ነበረች፤ ያለ ፈቃድ የሰበከ ይታሰር ነበር። ጄምስ አየርላንድ የተባለ ባፕቲስት ሰባኪ በ1769 በኩልፔፐር ታሰረ። በመስኮቱ የብረት ፍርግርግ ውስጥ ሆኖ ከውጭ ለቆሙት ይሰብክ ነበር። ጠላቶቹ ከወለሉ ሥር ባሩድ አፈነዱበት፤ ዲንና በርበሬ አጭሰው ሊያፍኑት ሞከሩ። እርሱ ግን ለወዳጆቹ ደብዳቤ ሲጽፍ «በኩልፔፐር ካለው ቤተ መንግሥቴ» ይል ነበር። ጳውሎስና ሲላስ በመንፈቀ ሌሊት የዘመሩበትን ወኅኒ የምናነብ፣ በደርግ ዘመን ስለ ወንጌል ከታሰሩ አባቶችና እናቶች ምስክርነት የሰማን ሰዎች ይህ መንፈስ አይጠፋንም።

ማዲሰን የዚያው አካባቢ ሰው ነው። በጥር 1774፣ ገና የ22 ዓመት ወጣት ሳለ፣ በአጎራባቹ አውራጃ አምስት ስድስት ቅን ሰዎች እምነታቸውን በማስተማራቸው ታስረዋል ብሎ ለወዳጁ በቁጣ ጻፈ።

ቀጥሎ የሆነውን ልብ በሉ። በ1784 የቨርጂኒያው ፖለቲከኛ ፓትሪክ ሄንሪ የክርስትና አስተማሪዎች ደመወዝ ከግብር እንዲከፈል ሐሳብ አቀረበ። ግብር ከፋዩ ገንዘቡ ለየትኛው ቤተ ክርስቲያን እንደሚሄድ ይመርጣል፤ ስለዚህ ባፕቲስቶቹም ድርሻ ነበራቸው። ትናንት የታሰሩት ሰዎች ዛሬ ገንዘብ ተዘርግቶላቸው እምቢ አሉ! ወንጌል የቀራጭ እጅ አያስፈልገውም ብለው የተቃውሞ ፊርማ አሰባሰቡ። ሐሳቡ ወደቀ፤ በ1786 ቨርጂኒያ የሃይማኖት ነፃነትን በሕግ አጸናች። እኛ ለወገናችን የሚያደላ ባለ ሥልጣን ሲነሣ «ጌታ ቀን አወጣልን» ማለት ይቀናናል። እነርሱ ግን «አንተ በሌላው ሎሌ የምትፈርድ ማን ነህ?» የሚለውን ቃል (ሮሜ 14፥4) ለራሳቸውም አጠበቁት። ከመካከላቸው ጆን ሌላንድ የተባለው ሰባኪ አይሁዱም፣ ሙስሊሙም፣ ጣዖት አምላኪውም ከክርስቲያኑ እኩል ነፃ ይሁን ብሎ ጻፈ። በወንጌል ኃይል የሚታመን ሰው ሌላውን ዝም ለማሰኘት ፖሊስ አይጠራም።

አዲሱ ሕገ መንግሥት ለሹመት የሃይማኖት መመዘኛ እንዳይኖር ቢከለክልም ለሕሊና ነፃነት ሌላ ዋስትና አልነበረውም፤ የቨርጂኒያ ባፕቲስቶችም ሰጉ። ሌላንድ ቅሬታውን በጽሑፍ አቀረበ። ማዲሰን በ1789 መጀመሪያ ለአንድ ባፕቲስት ፓስተር የሕሊናን ነፃነት የሚያስጠብቅ የሕገ መንግሥት ማሻሻያ እንደሚደግፍ በደብዳቤ አረጋገጠለት፤ በሰኔም ለምክር ቤቱ አቀረበው። በታኅሣሥ 15 ቀን 1791 የመጀመሪያው ማሻሻያ ጸደቀ።

ማሻሻያው ግን ያኔ የሚያስረው ፌዴራሉን ምክር ቤት ብቻ ነበር፤ በማሳቹሴትስ ለቤተ ክርስቲያን የሚከፈለው ግብር ቀጠለ። ሌላንድ ወደ ትውልድ አገሩ ወደ ማሳቹሴትስ ተመልሶ መስበኩንም መሟገቱንም አላቆመም፤ በ1811 ለክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት ተመርጦ እዚያም ስለዚሁ ተናገረ። ግብሩ በ1833 ሲቀር የ79 ዓመት አዛውንት ነበር።