ከዕቃቃ ወደ ኦ ክፍል፦ የባሕር ዳር ሕፃናት የማስመሰል ጨዋታ

ዕቃቃ ልጆች የትልልቆችን ኑሮ አስመስለው የሚጫወቱት ጨዋታ ነው። ሦስት ድንጋይ ጉልቻ ይሆናል፣ ቅጠሉ እንጀራ፣ ጭቃው ወጥ። አማርኛችን የዚህ ዓይነት ጨዋታ ሲጠራ ቃሉን ይደግመዋል፦ ሱቅ ሱቅ፣ ሙሽራ ሙሽራ፣ ሐኪም ሐኪም። የጣና ዳር ልጅ የራሱንም ይጨምርበታል። ከደንገል ቁራጭ ታንኳ ሠርቶ ቀረሶ የሚባለውን ዓሣ ሊያጠምድ ይወጣል። ባሕር ዳር ከተማ ውስጥ ደግሞ ገመድ ይዘው ተከታትለው የሚሮጡ ሕፃናት ታክሲ ናቸው። ረዳቱ ከኋላ ሆኖ «ጊዮርጊስ! ጊዮርጊስ! አንድ ሰው የቀረው!» ይላል።

ብዙ ወላጅ ይህን አይቶ «ዝም ብለው ነው የሚጫወቱት» ብሎ ያልፋል። እኔ ግን ልጅ ለትምህርት ቤት በደንብ የሚዘጋጀው እዚህ ነው ባይ ነኝ።

የሶቪየቱ የሥነ ልቦና ሊቅ ሌቭ ቪጎትስኪ እ.ኤ.አ. በ1933 ስለ ጨዋታ ባስተማረው ውስጥ ዱላ ጋልቦ ፈረስ ያደረገን ልጅ ያነሳል። ያ ልጅ አንድ ነገር ሌላውን ሊወክል እንደሚችል ገብቶታል። ፊደልም ከዚህ አይርቅም። «በ» ወረቀት ላይ ያለ ጭረት ነው፤ ድምፅ የምናደርገው እኛ ነን። ሁለተኛው ቁም ነገር ሕግ ማክበር ነው። ተሳፋሪ የሆነው ልጅ ታክሲው እስኪቆም መጠበቅ አለበት። «እኔ ሾፌር ካልሆንኩ አልጫወትም» ያለውም ተከራክሮ ተራው እስኪደርስ ይታገሳል። ክፍል ውስጥም የሚጠበቅበት ይኸው ነው።

ሱቅ ሱቅን ጠጋ ብላችሁ እዩት። ገንዘቡ ቆርኪ ነው። «ስኳር አለ?» «አለ። የስንት ልስጥሽ?» «የአምስት ብር።» አምስት ቆርኪ አንድ በአንድ ትቆጥራለች። ሦስተኛውን ከዘለለች ባለሱቁ ራሱ ያርማታል። በቁጣ የሚያርም የለም፣ ግን ቁጥሩ ይያዛል።

በአገራችን አንደኛ ክፍል የሚገባው በ7 ዓመት ነው። ከዚያ በፊት ኬጂ አለ፤ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ግቢ ደግሞ ኦ ክፍል አለ። በ2015 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ቅድመ አንደኛን ሁለት ዓመት አድርጎታል። ከሁሉም የሚቀድመው ግን የቄስ ትምህርት ቤት ነው። ብዙ አያቶቻችን ሀ ሁን በዜማ የለዩት እዚያ ነው። የሚያሳዝነኝ የዛሬ ወላጅ ልጁን ከኬጂ ሲቀበል መጀመሪያ «ዛሬ ምን ጻፍክ?» ማለቱ ነው። መምህሯም ይህን ስለምታውቅ የ4 ዓመት ልጅ እርሳስ አስጨብጣ ገጽ ታስሞላለች።

ሐምሌና ነሐሴ፣ ዝናቡ ልጆችን ቤት ሲያውል፣ አስተማሪና ተማሪ ለመጫወት ምቹ ነው። አስተማሪዋ ልጅቷ ትሁን፣ እናት ተማሪ ትሁን። እናት እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ ሽንቴ መጣ» ትበል። ብዙ ልጅ በመስከረም ይህችን ማለት አፍሮ ነው ልብሱን የሚያበላሸው። ምሳ ዕቃ መክፈትና መዝጋትም በጨዋታው ይግባ። በር ላይ መለያየትም እንዲሁ፤ አያት ዘበኛ ይሁኑ። የእህቴ ልጅ ኬጂ ልትገባ ሳምንት ሲቀራት አሻንጉሊቷን በር ላይ አስቀምጣ «አልቅሺ፣ ግን እማዬ ማታ ትመጣለች» ስትላት ሰምቻለሁ። ያን የነገራት ሰው አልነበረም።

ለዚህ ሁሉ የሚገዛ ነገር የለም። ካርቶን፣ ቆርኪ፣ ያረጀ ነጠላ ይበቃል። ሐይቁ ዳር ለሚኖሩ ግን አንድ ነገር አደራ፦ ታንኳ ታንኳው አዋቂ አጠገቡ ካልቆመ በሳፋ ውሃ ይሁን። ደንገሉ በሳፋም ይንሳፈፋል።