ክብሩ ለጌታ ነው፤ ሃንስንም አንርሳ

ቅዱሳን፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። መክብብ 9 ላይ ብዙም የማንሰብካት አጭር ታሪክ አለች። ጥቂት ሰዎች የሚኖሩባትን ትንሽ ከተማ ታላቅ ንጉሥ ከበባት። በውስጧ ግን አንድ ጠቢብ ድሀ ነበረና በጥበቡ አዳናት። ከዚያስ? «ያን ድሀ ሰው ግን ማንም አላሰበውም።»

ይህን ክፍል ሳነብ ፖላሪስ የምትባለው የአሜሪካ መርከብ ትዝ ትለኛለች። እ.ኤ.አ. በ1871 በቻርለስ ፍራንሲስ ሆል መሪነት ወደ ሰሜን ዋልታ ተነሣች። እስከዚያ ዘመን መርከብ ያልደረሰበት ድረስ ዘለቀች። ሆል ግሪንላንድ ዳርቻ የቆሙበትን ወደብ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ሰየመው። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ እዚያው ሞተ። በ1968 አስከሬኑ ሲመረመር አርሴኒክ የሚባል መርዝ በብዛት ተገኘበት። ተመርዞ ነው ወይስ መድኃኒት ሆኖ ገብቶበት? ዛሬም ያከራክራል፤ እኛ ግን ወደ ጉዳያችን እንለፍ።

ኦክቶበር 15፣ 1872 ሌሊት ማዕበል ተነሣ። መርከቧ የምትሰጥም ስለመሰላቸው ዕቃ ወደ በረዶው ማውረድ ጀመሩ። በመካከል በረዶው ተሰነጠቀ፤ መርከቧ በጨለማው ውስጥ ተወሰደች። ተንሳፋፊው በረዶ ላይ 19 ሰዎች ቀሩ። ከእነርሱ ዘጠኙ የሁለት ኢኑይት (የዚያ በረዷማ አገር ነባር ሕዝብ) ቤተሰቦች ነበሩ፦ ጆ የሚሉት ኢቢየርቢንግ፣ ሚስቱ ሃና (ቱኩሊቶ) እና ልጃቸው፤ እንዲሁም ሃንስ ሄንድሪክ ከሚስቱና ከአራት ልጆቹ ጋር። የሃንስ የመጨረሻ ልጅ መርከቧ ላይ ከተወለደ ገና ሁለት ወሩ ነበር።

አሁን ልብ በሉ። መርከበኞቹ ገና ክረምቱ ሳይገባ ከሁለቱ ጀልባዎች አንዷን ለማገዶ ሰባበሩ። አለቃቸው ጆርጅ ታይሰን ከልክሎ ሊያስቆማቸው አልቻለም፤ የጦር መሣሪያው በእጃቸው ነው። የበረዶ ቤት የሠራላቸው ጆ ነው። በጨለማው ወራት አቆስጣ የተባለው የባሕር እንስሳ የሚተነፍስበትን የበረዶ ቀዳዳ ፈልገው፣ በዚያ ብርድ ለሰዓታት ቆመው የሚያድኑት ጆና ሃንስ ናቸው። ሥጋው ምግብ፣ ስቡ ደግሞ መብራትና ማብሰያ ሆነ። ለአዋቂ በቀን 300 ግራም ያህል ስንቅ ብቻ በሚታደልበት ቤት፣ አንድ አቆስጣ ማለት ሕይወት ማለት ነው።

ታዲያ የሚመግቡት ሰዎች ሰላም አገኙ? አላገኙም። ረሃቡ ሲጠና ጆና ሃና መርከበኞቹ መጀመሪያ እኛን ይበሉናል ብለው ፈሩ። ጆ የሰዎቹ ዐይን ስላላማረው ሽጉጡን ለታይሰን ሰጠው። ታይሰንም አንድ ሌላ ስጋት ነበረው። አዳኞቹ ቤተሰባቸውን ይዘው ወደ መሬት ቢሻገሩ የቀረው ሰው አለቀለት። በሐዋርያት ሥራ 27 ጳውሎስ «እነዚህ በመርከቡ ካልቆዩ» ብሎ ያስጠነቀቀው ዓይነት ነገር ማለት ነው። በጳውሎስ መርከብ ግን መርከበኞቹን ያስቀረው የታንኳው ገመድ መቆረጡ ነው። በጆና በሃንስ ላይ ማንም ገመድ አልቆረጠም። ቆዩ።

ኤፕሪል ላይ በረዶው እየተሰባበረ ሄደ። አንድ ሌሊት ማዕበሉ በላያቸው ሲያልፍ ሴቶችንና ልጆችን ጀልባዋ ውስጥ አስገብተው፣ ወንዶቹ ጀልባዋን ይዘው እስኪነጋ ታገሉ። ኤፕሪል 30፣ 1873 በላብራዶር ባሕር ላይ፣ በጭጋግ ውስጥ፣ ታይግረስ የተባለች የአቆስጣ አዳኞች መርከብ ታየች። በትንሿ ታንኳው ቀዝፎ ሊጠራት የሄደው ያው ሃንስ ነው። ከስድስት ወር በላይ፣ ወደ 2,900 ኪሎ ሜትር ተንሳፍፈው 19ኙም ዳኑ። ሕፃኑም ጭምር!

ተአምር ነው? እኔ ተአምር ነው እላለሁ፤ የእግዚአብሔር እጅ ነው። ግን የሚያሳስበኝ ነገር እዚህ ጋ አለ። እኛ በምስክርነት ስንቆም «ሰው አልረዳኝም፣ ጌታ ብቻ ነው» ማለት እንወዳለን። ጉባኤውም እልል ይላል። ከኋላ ወንበር ላይ ደግሞ የቤት ኪራያችንን የከፈለችው እህት ቁጭ ብላለች። ሆስፒታል ያደረልን ወንድም አለ። ክብሩን ለጌታ መስጠት እነርሱን መካድ የሚሆነው ከመቼ ጀምሮ ነው? እውነቱን ለመናገር፣ አንዳንዴ ይህ መንፈሳዊነት ሳይሆን ውለታ ላለመቁጠር የተገኘ ሰበብ ነው።

ስለ ጸጋ ከጳውሎስ ይልቅ አጥብቆ የጻፈ ማን አለ? ግን ያው የሮሜ መልእክት ምዕራፍ 16 ላይ ሲደርስ ከሃያ በላይ ሰዎችን በስም ይጠራል። ፌቤን ለእኔም ረዳት ነበረች ይላል። ጵርስቅላና አቂላ ስለ እርሱ ነፍሳቸውን ለአደጋ ማቅረባቸውን ይጽፋል። የሩፎንንም እናት «ለእኔም እናቴ ናት» ይላታል። ከዚያው ምዕራፍ ሳይወጣ፣ በመጨረሻው ቁጥር፣ ብቻውን ጥበብ ላለው እግዚአብሔር ክብርን ይሰጣል። ሁለቱ አልተጋጩበትም።

እስቲ በዚህ ሳምንት ኅብረት ላይ ምስክርነት ያላችሁ፣ ከመቆማችሁ በፊት ስሞቹን ወረቀት ላይ ጻፏቸው። እዚያው ካሉ ደግሞ አስፈቅዳችሁ ጥሯቸው፤ በስውር መርዳት የሚወዱ አሉና።