የአሮጌ ሽጉጥ “ኦሪጅናል ፊኒሽ” ምንድን ነው?

ሁለት አሮጌ ስድስት ጎራሽ ሽጉጦች ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠዋል እንበል። ሞዴላቸው አንድ ነው፤ የተሠሩበት ዘመንም ይቀራረባል። አንደኛው ጥቁር ሰማያዊ ሆኖ ያበራል፣ ፊት ያሳያል። ሌላው አፈሙዙ ጫፍ ላይ ተፍቆ ነጭ ብረቱ ወጥቷል፤ እጀታው አካባቢ ደግሞ ወደ ቡናማ ሄዷል። የቱን ትገዛላችሁ? የአዲስ ገዢ እጅ ወደሚያበራው ይሄዳል። የቆየ ሰብሳቢ ግን ብዙ ጊዜ ያንን የተፋቀውን ያነሳል፤ ለእሱም የበለጠ ይከፍላል።

ለዚህ ምክንያቱ ኦሪጅናል ፊኒሽ ነው። ሽጉጡ ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረው የላይ ገጹ ማለት ነው። ቢደበዝዝም፣ ግማሹ ቢጠፋም፣ የቀረው የፋብሪካው ከሆነ ኦሪጅናል ነው። ሰብሳቢዎች “95 በመቶ ብሉ (ጥቁር ሰማያዊው ሽፋን) አለው” ሲሉም ከመጀመሪያው ሽፋን 95 በመቶው ቀርቷል ማለታቸው ነው። ትናንት ተወልውሎ የመጣ ሽጉጥ በዚህ ሚዛን ላይ አይወጣም።

ብዙ ሰው ብሉውን ቀለም ይመስለዋል። አይደለም። ብሉዪንግ ብረቱ ራሱ በቁጥጥር ሥር እንዲዝግ ማድረግ ነው። ቀዩ ዝገት ብረት ይበላል። ይሄኛው ጥቁሩ ዝገት ነው፤ ማግኔታይት ይባላል። ብረቱ ላይ በጣም ስስ ሆኖ ይቀመጣል፣ ዘይትም ይዞ ይቆያል። ስለዚህ ሲፋቅ እንደ ግድግዳ ከላይ ደርበው አይቀቡትም። አሮጌው መነሳት፣ ከዚያ ብረቱ መወልወል፣ ከዚያ እንደገና መጥቆር አለበት። ጉዳቱ የሚመጣው ከማጥቆሩ ሳይሆን ከውልወላው ነው። የሚሽከረከረው መወልወያ ብረት ይበላል፣ ሲበላም አይመርጥም። ሹሉን ጠርዝ ያዶለዱማል፣ ጽሑፉን ያጠፋል። የሄደ ብረት ደግሞ አይመለስም።

ታዲያ በምን ይለያል? መጀመሪያ ሲሊንደሩን፣ ማለትም ጥይት የሚገባበትን ተሽከርካሪ ክፍል፣ ከፍታችሁ ጥይት አለመኖሩን አረጋግጡ። ሻጩ “ባዶ ነው” ቢልም እናንተው እዩት። ከዚያ ወደ መብራት ጠጋ አድርጉትና አዘንብላችሁ ያዙት።

ጽሑፉን እዩ። የፋብሪካ ማኅተም ብረቱ ውስጥ ተመትቶ የገባ ስለሆነ የፊደሉ ጠርዝ ስል ነው፣ ጥልቀቱም ወጥ ነው። የተወለወለ ሽጉጥ ላይ ፊደሉ አንድ ጎኑ ጎላ ብሎ ሌላው ይሟሟል፣ ውሃ የነካው ጽሑፍ ይመስላል። ቀጥሎ ብሎኖቹ። በፋብሪካ የብሎን ቀዳዳ አፍ ቀጥ ያለ ነው። ውልወላ የነካው ግን በዙሪያው እንደ ሳህን ጎድጎድ ይላል። እኔን ቢጠይቁኝ ከሁሉም በፊት የማየው ይሄንን ነው፤ መደበቅ ያስቸግራል። የጎን ክዳኑ ከአካሉ የሚገናኝበትን መስመርም ተከተሉት። ጥሩ ፋብሪካ ሁለቱን አንድ ላይ ነው የሚወለውለው፤ መስመሩ ለጥፍር እንኳ አይገኝም። ብሉው ሥር የዝገት ጉድጓዶች ካያችሁማ ነገሩ አለቀ። ዝገቱ ቀድሟል፣ ብሉው በኋላ መጥቷል ማለት ነው።

አንድ ደግሞ ሰው የማያስተውለው አለ። ስሚዝ ኤንድ ዌሰን በተባለው የአሜሪካ ፋብሪካ በተሠሩ ብዙ አሮጌ ሽጉጦች ላይ መዶሻውና ምላጩ በሙቀት የጠነከሩ ስለሆኑ ገጻቸው ሰማያዊ፣ ቡናማና ግራጫ እንደተቀላቀለበት ደመና ነው። አካሉ ኒኬል የተነከረ ቢሆንም ፋብሪካው እነዚህን ሁለቱን እንደዚያው ይተዋቸው ነበር። መዶሻና ምላጩም ኒኬል ለብሰው ከመጡ፣ አንድ ሰው ሽጉጡን ፈታትቶ ሁሉንም አንድ ላይ ነክሮታል ብላችሁ ጠርጥሩ።

የእውነተኛ አጠቃቀም መልክም ይታወቃል። የአፈሙዙ ጎንና ጎን ከአፎቱ ጋር ሲፋተግ ይነጣል። እጅ የሚይዘው ላብ ያገኘዋል። ሲሊንደሩ ዙሪያ ደግሞ ቀጭን መስመር ትታያለች፤ ስትሽከረከር የሚይዛት ማቆሚያ ያወጣት ናት። ይህ ሁሉ ጉድለት ሳይሆን ዕድሜ ነው። ላዩ እንደ መስታወት ሆኖ የአፈሙዙ ውስጥ በዝገት የተበላ ሽጉጥ ግን ሁለት ታሪክ እያወራ ነው።

የወረቀት ማስረጃም አለ። ሌላው የአሜሪካ ሽጉጥ ሠሪ ኮልት ከመዝገቡ እያየ ደብዳቤ ይሰጣል፤ ሽጉጡ መቼ እንደተላከና ሲላክ ምን ዓይነት ፊኒሽ እንደነበረው ብዙ ጊዜ ይገልጻል። ደብዳቤው “ብሉ” ብሎ እጃችሁ ላይ ያለው ኒኬል ከሆነ ጥያቄው ተመልሷል። የስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሽጉጦችም በታሪክ ደብዳቤ ይጣራሉ። ለጥገና ወደ ፋብሪካው ተመልሰው የሄዱት ላይ ደግሞ እጀታው ሥር ቁጥሩ አጠገብ ብዙ ጊዜ ትንሽ ኮከብ ትገኛለች። ፋብሪካው ራሱ እንደገና ያጠቆረው ከመንደር ሥራ ይሻላል፤ ሆኖም ካልተነካው ጋር አይስተካከልም።

ፊኒሽ ብቻውን ዋጋ አይወስንም። የአሮጌዎቹ ስሚዝ ኤንድ ዌሰኖች ተከታታይ ቁጥር እጀታው ሥር፣ ሲሊንደሩ ጀርባ ላይና አፈሙዙ ሥር ይገኛል፤ ሦስቱ መግጠም አለባቸው። ሲሊንደሩ ሲቆለፍ ወዲያ ወዲህ የሚልም ዋጋው ይወርዳል። ፈቃድና ምዝገባውን ሳልጠራ እንዳላልፍ፤ አሮጌ ስለሆነ ብቻ ሕግ አይመለከተውም ብላችሁ አታስቡ፣ ገንዘብ ከመክፈል በፊት ይጣራ።

እንደገና የጠቆረ ሽጉጥ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። ለዒላማ ልምምድ የሚፈልግ ሰው ውስጡ ጤነኛ ከሆነ በርካሽ ሊያገኘው ይችላል። መጥፎው፣ ተወልውሎ ሳለ በኦሪጅናል ዋጋ ሲቀርብ ነው። “እንደ አዲስ ነው” ለሚል ሻጭ “ማን ነው እንደ አዲስ ያደረገው?” በሉት።

የአባታችሁ አሮጌ ሽጉጥ በሕጋዊ መንገድ ቤታችሁ ካለ ደግሞ አታስወልውሉት። ንጹህ ጨርቅ፣ ጥቂት የመሣሪያ ዘይት፣ ጠረግ ጠረግ። ያ ቡናማው እዚያው ይቆይ።