ከስም የተወለደ መስተዋድድ ምንድን ነው? የአይስላንድኛው «ቬግና»

አይስላንዶች «በአየሩ ምክንያት» ለማለት «ቬግና ቬዱርስ» ይላሉ። «ቬዱር» የአየር ጠባይ ነው፤ መጨረሻው ላይ ያለችው «ስ» ደግሞ እንደ እኛ «የ» አገናዛቢ ናት። መስተዋድድ (እንደ «በ»፣ «ወደ» ያለ ቃል) የአገናዛቢ ምልክት ምን ያደርግለታል? መልሱ «ቬግና» ራሱ ስም ስለነበረ ነው። «ቬጉር» ማለት መንገድ ነው፤ «ቬግና» የብዙ ቁጥር የአገናዛቢ ቅርጹ ነበር። ትርጉሙም ከ«በእገሌ በኩል» ወደ «ስለ እገሌ»፣ ከዚያም ወደ «በእገሌ ምክንያት» ተሻገረ።

አማርኛም ይህን ያውቃል። «በዝናብ ምክንያት» ውስጥ «የዝናብ ምክንያት» አለ፤ «የ» ከ«በ» ቀጥላ ስትመጣ ስለምትዋጥ ነው የማናያት። አይስላንድኛ ግን ምልክቱን አልዋጠውም፤ ስለዚህ የቃሉ ታሪክ ከላይ ይነበባል። «ቲል» (ወደ) እንዲሁ ነው፤ «ቲል ኢስላንድስ» ማለት «ወደ አይስላንድ» ሲሆን ቃሉ የመጣው ግብ ከሚል ጥንታዊ ስም ነው። የጀርመንኛው «ፂል» (ግብ) ዘመዱ ነው። «ሰኩም» (በምክንያት) ደግሞ «ሰክ» ከሚለው፣ ክስና ጥፋት ከሚባልበት ስም ወጥቷል።

ስሙ በእርግጥ መስተዋድድ መሆኑ በምን ይታወቃል? ቅጽል አይቀበልም፣ በስም መጨረሻ የሚለጠፈውን «ው»ን የመሰለ ምልክት አይዝም፣ ቅርጹም ደርቆ ይቀራል። ዛሬ «የመንገዶች» ለማለት «ቬጋ» እንጂ «ቬግና» አይባልም። ከሁሉ የሚያሳምነው ግን «ቬግና ቬጋሪንስ» (በመንገዱ ምክንያት) ማለት መቻሉ ነው፤ መንገድ ከመንገድ አጠገብ ቆሞ ማንም አይደናገርም።

አንዳንዴ ድምፁም ይለወጣል። «ሂኑም ሜጊን» (በወዲያኛው ወገን) ውስጥ ያለው «ሜጊን» ከዚሁ ከ«ቬጉር» የወጣ ነው፤ የፊተኛው ቃል መጨረሻ «ም» ተሻግራ «ቬ»ን «ሜ» አደረገቻት።

ሁሉም ግን አገናዛቢ አይፈልግም። «ህያው» (እገሌ ዘንድ) የመጣው ቤተሰብ ከሚል ስም እንደሆነ ይታመናል፤ የሚከተለው ስም ግን የተቀባይ ቅርጽ («ለእገሌ» እንደ ማለት ያለ) ይይዛል። ስለዚህ ተማሪ እያንዳንዱን መስተዋድድ ከሚጠይቀው ቅርጽ ጋር አብሮ ይያዝ።

ተናጋሪዎቹ ራሳቸውም ይስታሉ። «ቢጊንግ» (ግንባታ) ከ«ቬግና» በኋላ በአገናዛቢ ቅርጹ «ቢጊንጋር» መሆን ሲገባው ብዙዎች «ቢጊንጉ» ይላሉ። የሰዋስው መምህራን ያርሙታል፤ ስህተቱ ግን አልጠፋም፤ «ቬግና» ስም እንደነበር የሚመሰክረውም ይኸው የሚስቱት አገናዛቢ ነው።