የቲማቲም ስጎ ምንድን ነው?

ስጎ ማለት ውሃው የመጠጠ ቲማቲም ነው። ዘይቱም፣ ነጭ ሽንኩርቱም፣ በሶብላውም አጃቢ ናቸው። ቃሉ የጣልያንኛ ነው። ሶስ የሚለውም አለ፤ ድስቱ ውስጥ ያለው ግን ያው ነው።

1 ኪሎ ቲማቲም ከተፋችሁ እንበል። ከዚህ ውስጥ ከ900 ግራም በላይ የሚሆነው ውሃ ነው። ጣፋጩም ጎምዛዛውም ያለው በቀረችው ትንሽ ነገር ነው። ውሃው እየተነነ ሲሄድ እሷ እየጎላች ትመጣለች። እዚሁ መንገድ ላይ ብዙ ከገፋችሁበት ድልህ ላይ ትደርሳላችሁ። ካቻፕ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ኮምጣጤና ስኳር ገብቶበታል።

እኔ መጀመሪያ ሰሞን ክዳኑን ግጥም አድርጌ ነበር የምሠራው። አንድ ሰዓት ሙሉ ጠብቄ ስከፍተው ያው ሾርባ! ለካ እንፋሎቱ ክዳኑ ላይ ውሃ ሆኖ ተመልሶ ይንጠባጠባል። አሁን ክዳን የሚባል ነገር አላስጠጋም። ከጠባብ ድስት ይልቅም ሰፊ መጥበሻ እመርጣለሁ፤ አፉ ሲሰፋ ቶሎ ይመጥጣል። ዕቃው ግን ልሙጥ አልሙኒየም ባይሆን ጥሩ ነው። የቲማቲሙ አሲድ ብረቱን ይነካዋል፣ ስጎውም ብረት ብረት ይላል።

አሠራሩ ቀላል ነው። 3 ማንኪያ ዘይት አሙቁና 3 ፍሬ ነጭ ሽንኩርት ጨምሩ። መዓዛው እንደወጣ ወዲያው ቲማቲሙን ገልብጡበት። እዚህ ጋ መዘናጋት የለም፤ ነጭ ሽንኩርት ካረረ ይመራል፣ ምሬቱንም ምንም አይመልሰውም። ከዚያ እሳቱን ቀንሶ ማንተክተክ ነው። ግማሽ ሰዓትም 45 ደቂቃም ሊፈጅ ይችላል፤ እንደ ቲማቲሙ ነው። ልጣጩን የማትወዱ ከሆነ ቲማቲሙን ከሥሩ በቢላ መስቀለኛ ጫር አድርጉና ለአንድ ደቂቃ ያህል የፈላ ውሃ ውስጥ ክተቱት። ከዚያ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ስትነክሩት ልጣጩ በእጅ ይላቀቃል።

ፍሬው ዙሪያ ያለውን ዝልግልግ ነገር ብዙ ሰው ጠርጎ ይጥለዋል። እኔ አልጥልም። ስጎውን አፍ ላይ ሥጋ ሥጋ የሚያሰኘው ግሉታሜት ከሌላው ክፍል ይልቅ እዚያ ይበዛል። ትንሽ ውሃ ስለሚጨምር ማንተክተኩ ይረዝማል እንጂ ሌላ ጉዳት የለውም።

መድረሱን ከሰዓት ይልቅ ማማሰያው ይነግራችኋል። የመጥበሻውን መሐል ሰንጥቃችሁ ጎትቱት። መንገዱ ወዲያው ከተደፈነ ገና ነው፤ ለአፍታ ክፍት ሆኖ ከቆየ ደርሷል። ዘይቱም ቀልቶ በዳር በዳር ብቅ ይላል። የቲማቲም ቀለም ዘይት ውስጥ ስለሚሟሟ ነው። ካልተማመናችሁ አንድ ማንኪያ ሰሃን ላይ ጠብ አድርጉ። ዙሪያውን ውሃ ካዘለ ትንሽ ይቀረዋል።

ጨው የሚስተካከለው ያኔ ነው። ውሃው ሲተን ጨው አብሮ አይተንም፤ መጀመሪያ ላይ ልክ የነበረው መጨረሻ ላይ አፍ ያቃጥላል። በጣም ከጎመዘዘ ቁንጥር ስኳር ይበቃል። ጉምዛዜውን ይሸፍነዋል እንጂ አያጠፋውም፣ ስለዚህ አታብዙት። የተረፈው ፍሪጅ ውስጥ 3 ወይም 4 ቀን ይቆያል፣ ፍሪዘር ውስጥ ደግሞ ወራት። በጠርሙስ ሞልቶ መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ ግን ሌላ ሙያ ነው፤ በዘፈቀደ አትሞክሩት።